«ሰጠ» ወይስ «ሸጠ»? ፊደል ሲቆሽሽ የሚያነበው ዓይናችን ነው ወይስ ትዝታችን?

(ለመምህራን፣ ለሰነድና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እንዲሁም ለወላጆች በተዘጋጀ የቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳይነካ የተጻፈ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ከበሩ ጋ የቆማችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ከፊት ወንበር አለ፤ ግቡ፣ አትፈሩ። የማሳያችሁ ወረቀት ስላለ ቀረብ ብትሉ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋትን ያህል ነገር ለፊደል ስለሰጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ለ19 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የቆዩ ሰነዶችን በስካነር እያነሱ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለቱ ሥራዎች የማይገናኙ ይመስሉ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት እንደተገናኙብኝ ነው።

በወረቀት ልጀምር። ይህ በእጄ የያዝሁት ግልባጭ ነው፤ ዋናው እናቴ ዳዊት ውስጥ ተቀምጧል። በ1938 ዓ.ም. በሽማግሌ ፊት የተጻፈ የቤተሰባችን ውል ነው። የእናቴ አያት የቤታቸውን ጓሮ ለወንድማቸው ልጅ… እዚህ ላይ ቃሉ ይመጣል። ቃሉ ሁለት ፊደል ነው። ወይ «ሰጠ» ነው፣ ወይ «ሸጠ» ነው።

ወረቀቱ ሦስት ላይ ታጥፎ ነው የኖረው። አንደኛው እጥፋት በየት በኩል የሚያልፍ ይመስላችኋል? በዚያችው ቃል አናት ላይ! የመጀመሪያውን ፊደል ራስ ታክኮ ያልፋል። እጥፋቱ ውስጥ የወጥ ቤት ጢስ ገብቷል፣ አቧራ ገብቷል፣ የስንት ሰው የጣት ወዝ ገብቷል። ስለዚህ ከፊደሉ ራስ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ይታያል። መስመሩ ቀለም ከሆነ ፊደሉ «ሸ» ነው፤ ጓሮው ተሽጧል። መስመሩ ቆሻሻ ከሆነ ፊደሉ «ሰ» ነው፤ ጓሮው ተሰጥቷል።

መሬቱማ በ1967ቱ አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ በመሬቱ የሚከራከር የለም። ክርክሩ በውለታው ነው። የእናቴ ወገን «አያታችን በፍቅር ሰጧችሁ፤ እናንተ ረሳችሁት» ይላል። የወዲያኛው ወገን «አባታችን ብሩን ቆጥሮ ገዛ፤ ውለታ የለብንም» ይላል። በዚህች አንዲት መስመር የተነሳ አጎቴና የዚያ የወንድም ልጅ ልጅ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ለ11 ዓመት ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። ሁለቱም ወረቀቱን በዓይናቸው አይተዋል። ሁለቱም ባነበቡት ይምላሉ። ሁለቱም ውሸታም አይደሉም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱም ውሸታም አይደሉም!

ታዲያ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊደል፣ ሁለት ሐቀኛ ሰው፣ ሁለት ንባብ፤ ይህ እንዴት ይሆናል?

በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን እጥፋት፣ ይህን ጢስ፣ ይህን ወዝ ባንድ ላይ «ኖይዝ» ይሉታል። ጫጫታ ማለት ነው። እኔ የዓይን ጫጫታ እለዋለሁ። የምንፈልገው ምልክት ላይ የሚደረብ የማንፈልገው ምልክት ሁሉ ነው። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያየ ሰው አለ እዚህ? እጃችሁን እስቲ… በርካታ ናችሁ። አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አንቴናውን እያዞረ «አሁንስ?» ይላል። እኛ ከታች «ተው፣ ተው፣ እዚያው ላይ! ትንሽ መልሰው!» እንላለን። ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰው ያ ነጥብ ጫጫታ ነው። ግን አስታውሱ፤ የዜና አንባቢው ፊት በዚያ ነጥብ ውስጥ ሆኖም ይታወቀን ነበር። ሰውዬውን የማያውቅ እንግዳ ከመጣ ግን «ይሄ ማነው?» ይላል። ነጥቡ ለሁላችንም አንድ ነው፤ እኛ እናየዋለን፣ እንግዳው አያየውም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሦስት ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ስለ ፊደላችን፣ ስለ ትዝታ፣ ከዚያ ደግሞ የጫጫታውን ዕዳ ማን እንደሚከፍል። ረጅሙ ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ ላይ ብቸኩል ይቅር በሉኝ።

አንደኛ፣ ፊደላችን። የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚያኖረው የት ነው? በራሱና በእግሩ ነው። «ሰ» ላይ ሰረዝ ስንጭን «ሸ» ይሆናል። «ተ» «ቸ»፣ «ነ» «ኘ»፣ «ደ» «ጀ»፤ የራስ ነገር ነው። ከዚያ እግሩን እዩ። «በ» መካከሉ ላይ በቀኝ ሰረዝ ሲጨመርበት «ቡ»፣ ሰረዙ እግሩ ሥር ሲወርድ «ቢ»፣ ሰረዙ ሲቀለበስና ቀለበት ሲሆን «ቤ»። የግራ እግሩ ሲያጥር «ባ»፣ የቀኝ እግሩ ሲያጥር «ቦ»። ባሌና ቦሌን የሚለየው ምንድን ነው? የትኛው እግር እንደረዘመ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። መስታወት ፊት ብታቆሙት አንዱ ሌላውን ይመስላል።

አሁን ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አስቡት። ጨለም ካለ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ይሞላል፤ «ቢ» ይመስላል። ፈዘዝ ካለ የ«ቢ» እግር ሥር ያለችው ሰረዝ ትጠፋለች፤ «በ» ትሆናለች። ጠርዙ ላይ አቧራ ካለ «በ» «ቡ» ይሆናል። ማሽኑ ጫጫታውን የሚያሰፍረው ፊደላችን ምሥጢሩን ባስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። የፊደላችን አጥንት፣ ማለትም መሐሉ፣ ጠንካራ ነው፤ ይተርፋል። የሚጠፋው ጫፉ ነው። ትርጉሙ ያለው ግን ጫፉ ላይ ነው!

በእኛ ፊደል ላይ የተሠራ አይደለም እንጂ፣ በዚህ ነገር ላይ የተሠራ በጣም የምወደው ጥናት አለ። ዴኒስ ፔሊ የሚባል የዕይታ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ነው። ፊደልን በሚርመሰመስ ነጥብ ውስጥ ለአፍታ ያሳያሉ፤ ሰውዬው ፊደሉን ለመለየት ፊደሉ ምን ያህል ደምቆ መታየት እንዳለበት ይለካሉ። የእንግሊዝኛ፣ የዓረብኛ፣ የአርመን፣ የቻይና፣ የዕብራይስጥና የህንዱን ዴቫናጋሪ ሞክረዋል። ተሳታፊዎቹ ከ3 ዓመት ልጅ እስከ 68 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ምን አገኙ? አንድን ፊደል ለመለየት ዓይን ወደ 7 የሚሆኑ ትንንሽ ምልክቶችን፣ እንደ ሰረዝና ኩርባ ያሉትን፣ መያዝ ይበቃዋል። ደግሞም የፊደሉ ቅርጽ በተወሳሰበ ቁጥር ዓይን የማንበብ ብቃቱ ይቀንሳል። ዕድሜው ብዙም ለውጥ አያመጣም፣ የንባብ ዘመኑም ብዙም አያመጣም፤ የቅርጹ ውስብስብነት ነው ነገሩ። ጥላና ጌጥ የደረበ የሱቅ ጽሑፍ የምትሠሩ ካላችሁ ይህን ለእናንተ ነው የምለው፤ በፊደል ጠርዝ ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ መስመር የአንባቢን ዓይን ያደክማል።

ከዚህ ጥናት ሌላ አንድ ግኝት አለ፤ ለመምህራን የሚበጀው እርሱ ነው። ስለ ትዝታ ስነግራችሁ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ነገሬም እርሱው ነው።

ትዝታ። እስቲ ይህን ወረቀት እዩልኝ። (አንድ ፊደሉ በቡና የተሸፈነ ቃል የተጻፈበት ወረቀት አነሳሁ።) ምን ይላል?

(ታዳሚው፦ «ኢትዮጵያ!»)

እርግጠኛ ናችሁ? «ዮ» የት አለ? ቡና ነው ያለው! ግን አንድም ሰው «ኢት-ቡና-ጵያ» አላለም። አሁን ደግሞ ይህን እዩ። ያው ፊደሎች ናቸው፣ ተዘበራርቀዋል፣ ቡናው ያው ቡና ነው። ምን ይላል?

ዝም አላችሁ። ቡናው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የጠፋው ምንድን ነው? ቃሉ ነው። ትዝታችሁ የሚይዘው ነገር አጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 ጄራልድ ራይከር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በሙከራ አሳይቶታል፤ አንድ ፊደል ብቻውን ሆኖ ለቅጽበት ከሚታይና ቃል ውስጥ ሆኖ ከሚታይ፣ ቃል ውስጥ ያለው በተሻለ ይለያል። የሚገርመው፣ ቃል ውስጥ ሲሆን ብዙ ፊደል አለ፤ ሥራው መብዛት ነበረበት። ግን ይቀላል፤ ምክንያቱም ዓይን ብቻውን አይሠራም።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ጆርጅ ስፐርሊንግ የሚባል ሌላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ 12 ፊደሎችን በሦስት ረድፍ ደርድሮ ለሰዎች ለሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ብልጭ ያደርግላቸው ነበር። ሰዎቹ አራት ወይም አምስት ያህል ብቻ ይናገራሉ፤ «ሁሉንም አይቼ ነበር፣ ስናገር ጠፋብኝ» ይላሉ። እርሱ ምን አደረገ? ፊደሎቹ ከጠፉ በኋላ ድምፅ ያሰማል፤ ቀጭን ድምፅ ከሆነ የላይኛውን ረድፍ፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ንገሩኝ ይላል። ሰዎቹ ከተጠየቁት ረድፍ አብዛኛውን ተናገሩ! የትኛው እንደሚጠየቅ ሳያውቁ! ማለት ዓይናቸው ከሚናገሩት በላይ ይዞ ነበር፤ ግን በሰከንድ ውስጥ ይተናል። ከፊደሎቹ ኋላ ደማቅ ብርሃን ከተከተለ ደግሞ ያ የቀረ ምስል ወዲያው ይደመሰሳል። የምናየው ነገር ለትዝታ ከመድረሱ በፊት በጣም በቀጭን ክር ላይ ነው የሚያልፈው። ጫጫታ ያንን ክር ነው የሚበጥሰው።

አሁን የቀረችውን የፔሊን ግኝት ልንገራችሁ። ሰዎች የማያውቁትን የባዕድ ፊደል ወደ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ሲሞክሩ፣ ነጠላ ፊደልን በመለየት ያንን ቋንቋ ሲያነብ ከኖረ ሰው ጋር እኩል ሆኑ። ሦስት ሺህ ሙከራ ማለት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ግን ፊደሎቹን ደርድረው ሲያሳዩአቸውና «ስንቱን ያዛችሁ?» ሲሏቸው፣ ፊደሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየ ሰው አልተሻሉም።

መምህራን፣ ይህን ልጅ አታውቁትም? እኔ ስንቱን አውቃለሁ! ፊደል ቆጥሯል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትሉት «ቤ» ይላል፤ «ይሄስ?» «ት» ይላል። አንድ ላይ ስታመጡለት ዝም ይላል። እናቱ «ፊደሉን ያውቃል እኮ፣ ለምን አያነብም? ሰንፎ ነው» ትላለች። አልሰነፈም! ፊደል መለየት አንድ ነገር ነው፤ ፊደሎችን ባንድነት ይዞ መቆየት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የዓመታት ንባብ ነው የሚያመጣው። ልጁ አንደኛውን ይዟል፤ ሁለተኛው ገና ነው። ቡናው ቢደፋበት የሚሞላበት ትዝታ የለውም።

የድሮ አባቶች ይህን በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር እላለሁ። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ነው የጀመርኩት። የኔታ በእጃችን ስንጥር ያስይዙናል፤ ስንጥሩ ያላረፈበትን ፊደል ማንበብ ክልክል ነው። ጣት እንዳይሆን፣ ጣት ፊደሉን ይሸፍናል፤ ስንጥር ቀጭን ነው። ያኔ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በፊደል ገበታ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ተጨናንቆ ሲቆም ስንጥሩ ለዓይኔ ጫጫታውን ዝም ያሰኝልኝ ነበር። ዓይን ትክ ብሎ ከሚያየው ነጥብ ወጣ ሲል ጎረቤት ፊደሎች እርስ በእርስ ይዋዋጣሉ፤ ይህን ሄርማን ባውማ የሚባል ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ለክቶ አሳይቷል።

ደግሞ አቡጊዳ አለ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያልን በዜማ ሸመደድነው አይደል? ዜማውን የያዘ ልጅ ገበታውን ሳያይ ይወርደዋል። የኔታ ታዲያ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብለው ዜማችንን ይበጣጥሱታል። ፊደሉም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ ባንድ እርምጃ ሁለቱም። ትዝታችን መሄጃ ሲያጣ ዓይናችን ሥራ ይጀምራል። ልጁ አይቶ ነው ያነበበው ወይስ አስታውሶ? የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ፈተና ነው አቡጊዳ። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ለ19 ዓመት ሳስተምር ለራሴ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ወደ ሦስተኛው ገባሁ። ዕዳውን ማን ይከፍላል?

ከጥቂት ዓመት በፊት ቤቴን ሳጸዳ አንድ ካርቶን አገኘሁ። በማስተምርበት ዘመን ለልጆች የማድለው የንባብ መልመጃ ነበር። መልመጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ጻፍኩት፤ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁት፤ ዋናው ጠፋብኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከኮፒው ኮፒ አስደረግሁ፤ በሚቀጥለውም ከኮፒው ኮፒ ሌላ ኮፒ። ስንተኛው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፤ አውቃለሁ። ወረቀት ውድ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ተማሪው ብዙ ነው።

ሥራዬ ሆነና ወረቀቱን ስካነር ላይ አስቀምጬ አጎላሁት። «ቤት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቀለበቱ የለም። ተሞልቷል። ጥቁር ጉብታ ነው። «ቢት» ነው የሚለው። ግልጽ ብሎ «ቢት»!

ያን ጊዜ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ። ተራው ደርሶ ሲያነብ «ቢት» አለ። እኔም «ቢት ምንድን ነው? ቤት በል!» አልኩት። ወረቀቱን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። እንደገና ወረቀቱን አየ። «ቢት» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ልጁን እስኪደመጥ ድረስ «ቤት፣ ቤት፣ ቤት» አስባልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ጮክ ብሎ ለማንበብ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ትክክል ያነበበው ማን ነበር? ልጁ ነበር! ወረቀቱ ላይ ያለውን ያነበበው እርሱ ነው። እኔ ያነበብኩት ትዝታዬን ነው። ወረቀቱን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ለእኔ እዚያ ላይ ሁልጊዜ «ቤት» ነበር። በእኔና በልጁ መካከል ያለው ጫጫታ አንድ ዓይነት ነው፤ እኔን አልነካኝም፣ እርሱን ቀጣው። ስለ ቴሌቪዥኑ እንግዳ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ልጅ በፊደል ቤት እንግዳ ነው። ብዙ ያነበበ ሰው በቆሻሻ ውስጥ አልፎ ያነባል፤ ስለዚህ ቆሻሻው አይታየውም፤ ስለማይታየውም ለማያልፈው ሰው ይሰጠዋል።

ይህን የምለው ልጁን አግኝቼ ይቅርታ ስላልጠየቅሁ ነው። ብዙ ፈልጌው ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ከኮፒ ኮፒ አታድርጉ። ዋናውን በላስቲክ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ «ዋና፣ አይታደል» ብላችሁ ጻፉበት። ኮፒው ሲወጣ የ«ቤ»ን ቀለበት፣ የ«ቢ»ን ሰረዝ፣ የ«ሸ»ን ራስ ፈልጉ፤ እነዚህ ከታዩ ሌላውም ይታያል። ወረቀት ለመቆጠብ ፊደል አታሳንሱ፤ ይልቅ ጥያቄ ቀንሱ። በፊደልና በፊደል መካከል አየር ስጡ። በጣልያንና በፈረንሳይ የማንበብ ችግር ባለባቸው 74 ልጆች ላይ ማርኮ ዞርዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ማስፋት ብቻ፣ ያለምንም ልምምድ፣ ስህተታቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶታል። ክፍተት ብቻ! ልጅ ሲሳሳት ደግሞ ከማረማችሁ በፊት «ምን ይታይሃል? ምን ይታይሻል?» በሉ። ጎንበስ ብላችሁ ከእርሱ ጋር ወረቀቱን እዩ።

ግድግዳውንም እዩ። በሥዕል፣ በአበባ፣ በቀለም ወረቀት ከጣሪያ እስከ ወለል የተሸፈነ የሕፃናት ክፍል የመልካም መምህር ምልክት ሆኗል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ሌሊት ቁጭ ብዬ እቆራርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ አና ፊሸርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ሙከራ፣ ያንኑ ትምህርት በተሸፈነ ግድግዳና በባዶ ግድግዳ አስተማሩ። በባዶው ክፍል ልጆቹ ከተጠየቁት 55 በመቶውን መለሱ፤ በተሸፈነው 42 በመቶውን። ልጆቹ 24 ብቻ ናቸውና በአንድ ጥናት አልምልም። ግን ቢያንስ ልጆቹ ትክ ብለው ከሚያዩት ሰሌዳ ዙሪያ ያለውን አንሱት። ሥዕሉ ከጀርባቸው ይሁን።

አሁን ሌላው ከፋይ። ማሽኑ።

ኮምፒውተር ላይ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ብሎ የተጣመመ፣ የተቧጨረ ጽሑፍ ያስነብብ የነበረውን ታስታውሳላችሁ? ጫጫታን ዘበኛ አድርገውት ነበር፤ ሰው ያልፋል፣ ማሽን አያልፍም። ሉዊስ ፎን አን የሚባል የጓቲማላ ተወላጅ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ብልሃት ጨመረበት፤ ማሽን ከአሮጌ መጻሕፍትና ጋዜጦች ማንበብ ያቃተውን ቃል ለሰው አሳዩት። ሰዉ ደጃፉን ሊያልፍ ሲል መጽሐፍ ይገለብጥ ነበር፣ ሳያውቀው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰው በዚህ መንገድ 99.1 በመቶ ትክክል ሲያነብ፣ የጊዜው ማሽን 83.5 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጉግል የራሱ ማሽን ከዚህ ሁሉ የከበደውን ጽሑፍ 99.8 በመቶ እንደሚያነብ አስታወቀ። ዘበኛው ሥራውን ለቀቀ።

ለእኛ ፊደልም ብዙ የደከሙ አሉ። እነ ሚሊዮን መሸሻ የታተመ አማርኛን ለማሽን ለማስነበብ ሠርተዋል፤ እነ ብርሃኑ በላይ ከ337 ሺህ በላይ የአማርኛ መስመር ምስሎችን ሰብስበው ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት አድርገዋል። እኛም በየቀኑ የምንጠቀመው ማሽን ብዙ ቃል በደህና ያነብልናል። ታዲያ ምኑ ያሳስበኛል?

የሚያሳስበኝ ማሽኑም ትዝታ ማብቀሉ ነው። የድሮው ማሽን ቅርጹን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ሲያቅተው ትርኪምርኪ ይጽፋል፤ እኛም ስህተቱን ወዲያው እናገኘዋለን። የአሁኑ ከፊትና ከኋላ ያለውን ፊደል እያየ የሚመስለውን ይሞላል። ሲሳሳት የሚያምር አማርኛ ነው የሚጽፈው። «ለ»ና «ሰ» በደበዘዘ ወረቀት ላይ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ታውቃላችሁ? አንድ የቆየ መዝገብ ላይ «ታደሰ» የሚል ስም ነበር፤ ማሽኑ «ታደለ» ብሎ ጻፈው። ሁለቱም ስም ነው። ሁለቱም ያምራል። አንባቢ አይጠረጥርም። ሰውዬው ግን ታደሰ ነው፤ ልጆቹ አንድ ቀን ሲፈልጉት አያገኙትም። የሰው ስም ላይ ዐውድ አይረዳም። ቁጥር ላይም አይረዳም።

የሰነድ ሠራተኞች፣ እናንተን ደግሞ እለምናለሁ። ወረቀቱን ስታነሱ በቀለም አንሱ። «ጥርት እንዲል» ብላችሁ ወዲያው ወደ ጥቁርና ነጭ አትለውጡት። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ማሽኑ እያንዳንዱን ነጥብ «ቀለም ነህ ወይስ ወረቀት?» ብሎ ይፈርዳል፤ ጢሱም እጥፋቱም ወይ ይጠፋል፣ ወይ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ፍርዱ አይመለስም። ዋናውን ምስል እንዳለ አስቀምጡ፤ የምታጸዱት ግልባጩን ይሁን። ያልተነበበ ፊደል ሲገጥማችሁም በግምት አትሙሉ፤ የጥያቄ ምልክት ጻፉ። የጥያቄ ምልክት ነውር አይደለም። የሚቀጥለው አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያይ ያደርጋል፤ በግምት የተሞላ ፊደል ግን ማንንም አያስቆምም።

ወደ ወረቀቴ ልመለስና ልጨርስ።

ባለፈው ዓመት ለእናቴ ዝክር ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ አጎቴንም ጋሼንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጋረጃውን ዘጋሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ይህችን የእጅ ባትሪ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር እኩል አጋድሜ አበራኋት። ብርሃን ከላይ ሲመጣ እጥፋትና ቀለም አንድ ጥቁር ናቸው። ከጎን ሲመጣ ግን እጥፋት ጥላ ይጥላል፤ ቀለም ጥላ የለውም። ባትሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዞርኳት። የፊደሉ እግሮች ካሉበት አልተነቃነቁም። ከራሱ በላይ ያለችው መስመር ግን ከብርሃኑ ጋር ተንቀሳቀሰች። አንዴ ከእጥፋቱ በላይ ሆነች፣ አንዴ በታች። ደግሜ አዞርኩ። ደግማ ተንቀሳቀሰች።

«ሰጠ» ነው የሚለው።

አጎቴ ምንም አላሉም። ጋሼ ባትሪዋን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አዞሩ፤ ሦስቴ፣ አራቴ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «አየሁ ልጄ፤ ጥላ ነው። ግን ዓይኔ አሁንም ‹ሸ› ነው የሚያነብልኝ፤ አባቴ ‹ገዛሁት› እያለ ነው ያሳደገኝ» አሉ። አጎቴ ተነስተው ቡና ቀዱላቸው።

ባትሪዋ ይህችው ናት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለች። መጋረጃውን የሚዘጋልኝ አንድ ልጅ እፈልጋለሁ። በግብዣው ወረቀት ላይ «ያልተነበበ የቤተሰብ ጽሑፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ» ብለን ነበር፤ የያዛችሁ በሰልፍ ወደ ፊት ኑ። በላስቲክ ያስለበጣችሁት ካለ ብርሃኑን ስለሚመልስ ትንሽ እንቸገራለን፤ ግን እንሞክራለን። ከማብራቴ በፊት ምን ይላል ብላችሁ እንደምታስቡ አትንገሩኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።